ክንዶቿን የዘረጋች ወንበር

ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ መምህሩ አባቴ ወደ ሐረር ተዛወረና ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራየን። ማንንም አናውቅም ነበር። አባቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለሚያስተምር፣ እሱ እስኪመጣ የምቆየው አው ዑመር ከሚባሉ ጎረቤታችን፣ ከሽማግሌው አናጢ ዘንድ ነበር።

አው ዑመር የሚሠሩት ወንበር እንዲሁ ወንበር ብቻ አልነበረም። ከዋንዛ ግንድ ትከሻ፣ ጉልበት፣ የጎበጠ ጀርባ ያወጡለታል፤ መንገደኛው ቆም ብሎ «ሐውልት ነው መቀመጫ?» እያለ ይከራከር ነበር። ያኔ አመሻሹ ላይ መብራት ሲጠፋ ፋኖሳቸውን ያበሩና፣ ሙጫው ፍም ላይ እስኪሞቅ፣ የሰጋቱራው ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ የሚቀርጹትን ነገር ተረት ይነግሩኛል።

አንድ ሰሞን የያዙት ክንዶቿን ወደ ፊት የዘረጋች ሴት ነበረች። ባሕር ተሻግሮ የሄደ ልጇን ደጃፏ ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ እግሯ ሥር ሰዶ ዛፍ የሆነች እናት ናት አሉኝ። ተሠርታ ስታልቅ ጭኗ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ክንዶቿ ግራና ቀኝ ያዙኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አቅፎ የያዘኝ አልነበረም።

በማግስቱ እዚያው ተቀምጬ ሳለ፣ ወንበሯን ሊገዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ገባ።

«ተነሺ አንቺ! ይቺ ለማየት እንጂ ለመቀመጫ አይደለችም» አለኝ።

አው ዑመር መሯቸውን አስቀመጡ። «አትነሺ ልጄ» አሉኝና ወደ ሰውየው ዞሩ። «ሰው ካልተቀመጠባት እኔ ለምን ደከምኩ?»

ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። እሳቸውም ወደ ፍሙ ሲመለሱ፣ «አው ዑመር፣ ልጇ ግን ተመለሰ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ የማውቀው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው» አሉ ሙጫውን እያማሰሉ።

«እኔ አውቃለሁ። ተመልሷል። መጥቶ ጠራት፣ እሷም እንደገና ሰው ሆና አቀፈችው።»

ማማሰሉን ተዉት። «ኢንሻ አላህ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

አንድ ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ፣ መደወል ካቆመ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ከአባቴ የሰማሁት ያን ዕለት ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግረው ነው። በነጋታው ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ወንበሯ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። በዓመቱ አባቴ እንደገና ተዛወረ።

ከተረቶቻቸው አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። እኔው የፈጠርኩላቸውን መጨረሻ ግን አልረሳሁትም፤ አጽናንቻቸው ይሁን አቁስያቸው፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜም አላውቅም።