የውባየሁ መኪና ፊት

የአዋሽ ሰባት ኪሎ ቤቴ መስኮት የሚያየው በቀጥታ የውባየሁን ግቢ ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ልስፋው?

ውባየሁ የምንጃር ልጅ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ሜዳው ሁሉ ጥጥ በሆነበት ዘመን፣ ለለቀማ ወርዶ እርሻው ላይ ትራክተር ነጂ ሆነ። የወረደው ከእህቱ ባል ከሀብተ ሥላሴ ጋር ተጣልቶ ነው። ያ ምላሰኛ "በእግርህ ወርደህ በእግርህ ትመለሳታለህ" ቢለው፣ ይሄ ሞኝ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት "በገዛ መኪናዬ ካልሆነ የእናቴን ደጅ አልረግጥም!" ብሎ ማለ። በቃ፣ ታሰረ። ባቡሩ በደጁ እያፏጨ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ መሐላውን ታቅፎ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ነው። እናቱም እያረጁ።

መኪናስ አልቀረም፣ ገዛ። ጣልያን ጥሏት የሄደ፣ ትንሽዬ፣ ፊቷ የሙሽራ ፊት የመሰለ። ሞተሯ ግን የሞተ ነው። ከተገለበጠ ጂፕ ላይ ሞተር አውጥቶ ከተተላት። እንግዲህ ሞተሩ የጎረምሳ፣ ውሃ የሚያቀዘቅዝላት ራዲያተር የሕፃን! ገና ከግቢ ሳትወጣ እንደ ሽሮ ድስት ትንተከተክ ጀመር።

መካኒኩ ከማሉዲን ሁለት አሮጌ ራዲያተር አምጥቶ ግራሩ ሥር አቆመለት። ጥጡን ወንዝ ዳር ከሚያጠጣው ፓምፕ የተፈታ አንድ፣ ከወደቀ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወጣ ደግሞ ሌላ፣ የበር ያህል።

"ወላሂ ውባየሁ፣ የኤንትሬውን ውሰድ። ይሄ ሙሉ ጭነት ይዞ አቀበት የወጣ ነው።"

"ከኮፈኑ ሥር አይገባም እኮ!"

"ፊቷን እንቆርጥለታለና።"

"የራስህን አፍንጫ ቁረጥ!"

"የኔ አፍንጫ ውሃ አያፈላም።"

ውባየሁ የፓምፑን አንስቶ ለካት። ልክክ አለች። ደስ አለው፣ እንደ ልጅ አቀፋት።

"ተው ወንድሜ" አለው ከማሉዲን። "ያ ፓምፕ ዕድሜውን አንድ ቦታ ተተክሎ ነው የኖረው። ራዲያተሯም አቀበት አይታ አታውቅም።"

"ፊቷ የተበላሸ መኪና ይዤ ብገባ ሀብተ ሥላሴ ምን ይለኛል?"

"መጀመሪያ ግባና ይበልህ!"

አልሰማውም። እሁድ ቀን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ መኪናዋን አጥቦ ወጣ። እኛም እልል ብለን ሸኘነው። ሜዳው ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰች አሉ። አቀበቱ ሲጀምር ግን ኮፈኗ ጭስ በጭስ ሆነ።

አፋሮቹ ደግሞ ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን ሁሉ ይነጋገራል፤ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ውባየሁን የጥጥ መኪና ጎትቶት ሳይመለስ፣ ወተት የምታመጣልኝ ሰኢዳ ደጄ ላይ ቆማ "ውሃው ፈላ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ጎማውን ረገጠ፣ እግሩን አመመው" አለችኝ። እኔ ብሆን አለቀሰም እል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሳያየው ሊሾልክ ሞከረ፤ ግመል ነጂ አየው። በሌላ ቀንም ሞከረ፤ ፈላች። ለእርሻው ሥራ አዳይቱ ድረስ ቢወርድ እንኳ የማያውቀው አፋር "መኪናዋ እንዴት ናት? ዳነች?" ይለዋል። መሸሻ አጣ። በመጨረሻ ጆንያ አልብሷት ተዋት። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ገብቶ መሪዋን ይዞ ይቀመጣል። እኔ በመስኮት፣ እሱ በመስታወት፣ እንተያያለን።

አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ጥላ የያዙ ቀጭን ሴትዮ ወርደው "የውባየሁን ቤት ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። እኔን! እጃቸውን ይዤ አደረስኳቸው። እናቱ ናቸው፣ ወይዘሮ አሰፋሽ።

ውባየሁ ጆንያውን ገፎ፣ አስቀምጧቸው፣ ሜዳ ሜዳውን ነዳላቸው። ሲመለሱ "ታምራለች" አሉት። "በል፣ አሁን በባቡር እንሂድ።"

"መሐላ አለብኝ እማዬ።"

"የማልከው በኔ ደጅ ነው። እኔ ፈታሁህ።"

"ሀብተ ሥላሴ አልፈታኝማ።"

በነጋታው ሸኛቸው። ወይዘሮ አሰፋሽ ከባቡሩ መስኮት "ና ግባ፣ ልጄ፣ እባክህ" አሉት። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። ተሸካሚው ዕቃውን አወረደ፣ ሙዝ ሻጯ አንገቷን አሰገገች፣ አፋሮቹ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም እዚያው ነኝ፣ የት እሄዳለሁ! ቀና ብሎ አየን። እግሩን መለሰ። ባቡሩ ሲነሳ እናቱ ወደ ሌላው መስኮት ዞሩ፤ እጃቸውንም አላወዛወዙለት።

ጠዋት የብረት መጋዝ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብቅ ብል ውባየሁ የመኪናዋን ፊት በገዛ እጁ እየቆረጠ ነው። ከማሉዲን ራሱን ይዞ ቆሟል።

"ምነው አንተ፣ ጤና የለህም?"

"አትጠይቀኝ። የኤንትሬውን አምጣ።"

አመጣለት፣ በየደለት። ያቺ ሙሽራ ገጣጣ ሆነች! ራዲያተሩ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ኮፈኑ በገመድ ታስሮ። ከተማውን ሲያቋርጥ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴን ይዤ ነው። እሱ ግን ግራ ቀኙን ሳያይ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሰኢዳ መጣች። "አቀበቱን ወጣ። ጭስ የለም።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

የቀረውን የነገረኝ ከምንጃር ጤፍ ይዞ የወረደ ነጋዴ ነው። ሀብተ ሥላሴ መኪናዋን ሲያይ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ አሉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ግን እየሮጡ ወጥተው የልጃቸውን አንገት አቅፈው አልለቅም አሉ። ሲበቃቸው እንባቸውን ጠርገው ዞር ብለው መኪናዋን አዩ፣ አዩ፣ አዩና፦

"ልጄ፣ እሰይ መጣህልኝ። እሷን ግን በጓሮ በኩል አቁምልኝ።"