ጠያቂዋ ሳትቀመጥ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር መምህራችን «ተጠያቂነት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። እጄን አወጣሁና ከመጽሐፉ ያጠናሁትን ትርጉም አንድም ቃል ሳላጎድል ተናገርሁ። «ጎበዝ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቃሉን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ራሴ ከሠራሁት ጥፋት ነው።

ሐይቅ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር የተማሪዎች ፓርላማ አፈ ጉባኤ ነበርሁ። ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚባል ቃለ ጉባኤውንም የምይዘው እኔው ነበርሁ። አንድ ቀን ክርክራችንን ለማየት ከወረዳ እንግዶች መጡ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ሲያነቡ «የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት የውኃ ቧንቧ ተጠግኗል» አሉ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነሣች።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለች፣ ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ። «ዛሬ ጠዋትም ውኃ አልነበረም። ተጠገነ የተባለው የቱ ቧንቧ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ምክትሉ ግን አልሳቁም። «በሂደት ላይ ነው» አሉ።

«ሪፖርቱ ግን...» ስትል ጠረጴዛውን በመዶሻ መታሁ። «ጥያቄው ተመልሷል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።» በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴም «ተመልሷል» ብዬ ጻፍሁ። ምክትሉ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ቧንቧው ደረቅ መሆኑን አውቅ ነበር። በወር አበባቸው ሰሞን ውኃ በማጣት ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች ነበሩ፤ እኔም ቀርቼ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ አምባሰል ባለው ሰፈራችን ቅሬ ተሰበሰበ። ቅሬ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበትና በለቅሶ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ ዳኛው፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ አባቴ ነው። የእኛ ቅሬ አንድ ደንብ አለው። ጠያቂም ተጠያቂም ይቆማሉ፤ ጠያቂው ወይ «ተመልሶልኛል» ወይ «ይደርልኝ» እስኪል ድረስ ሁለቱም አይቀመጡም። «ይደርልኝ» ካለ ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ያድራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

በቅርቡ ባላቸውን የቀበሩ አሮጊት ጎረቤታችን ተነሡ። «ዳኛ፣ የባሌን ለቅሶ በፀሐይ ነው የተቀመጥነው። ድንኳኑ የት ሄዶ ነው?»

አባቴ ተነሣ። «እንግዲህ... ድንኳኑ ትንሽ ችግር ገጥሞት...»

«እሱን አልጠየቅሁህም ልጄ። የት ነበር?»

አባቴ ላቡን ጠረገ። «ዳኛ፣ ጉልበትህ ሳይከዳህ ተናገር እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «እሳቸው እንደሁ ወላሂ እስከ መግሪብ ሶላት ይቆማሉ!» አለ ሌላው፤ ሰዉ ሳቀ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሰጥቼው ነበር። ቅሬውን አላስፈቀድሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፉ በሉኝ።»

አሮጊቷም «አፉ ብያለሁ። አሁን ተመልሶልኛል» ብለው ተቀመጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ «አላፈርህም አባ?» አልሁት።

«አፍሬያለሁ እንጂ። እሳቸው ሳይቀመጡ ብቀመጥ ግን ነገ ማን ዳኛ ይለኛል?»

በሚቀጥለው የፓርላማ ስብሰባ እንግዳ አልነበረም። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ጀምሬ እዚያች ቃል ላይ ቆምሁ። «‹ተመልሷል› ብዬ የጻፍሁት እውነት አይደለም። ተመለሰልኝ ማለት የነበረባት ጠያቂዋ ናት። ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልሁ። ልጅቷ ተነሥታ እንድትጠይቅ ጋበዝኋትና የቅሬያችንን ደንብ አስረዳሁ።

ምክትሉ ከተቀመጡበት ሆነው «አንቺ ደግሞ ፓርላማውን ቅሬ አደረግሽው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ቲቸር» አልሁ።

ሁሉም ሳቀ። ልጅቷ ግን ቆማለች፤ እኔም ቆሜያለሁ። ሳቁ አልቆም ሳንቀመጥ ስንቀር ምክትሉ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ።

«አልተጠገነም» አሉ። «ይጠገናል ብለን ቀድመን ነው የጻፍነው። ስህተት ነው።»

«መቼ ይጠገናል?»

«ከፈተና በፊት።»

ልጅቷ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው ይደርልኝ» ብላ ተቀመጠች።

«ተመልሷል» የሚለውን ሰረዝሁና «አድሯል» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ሌላ አጀንዳ ከመንካቴ በፊት ያቺን ጥያቄ አነብ ነበር። ምክትሉ ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ነበር የሚመልሱልኝ። እኔ ደግሞ መምህር ሲቀየመኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ቢሆንም ማንበቤን አልተውሁም።

ፈተና ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ እየሮጠች ክፍላችን በር ላይ ደረሰች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችልኝ፤ እስከ ክርኗ ርሷል።

«ተመልሶልኛል፤ ጻፊው!» አለችኝ።

ውኃው እንዳይንጠባጠብበት መዝገቡን ራቅ አድርጌ ጻፍሁት።