የእማይ አልጋነሽ ባሕር ዳር

ሰቆጣ ውስጥ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በሰፈራችን ባሕር አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ባሕር ከተማ ግን ከእኛ ከልጆቹ በላይ አዋቂ አልነበረም። ያስተማሩን ጎረቤታችን እማይ አልጋነሽ ናቸው። ባላቸው ሞቶ፣ አንድ ልጃቸው ካሣ ሥራ ፍለጋ ከወጣ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሲመሽ በወይራው ፍም ላይ ሽምብራ ይቆላሉ፣ ኩራዙን ከምሰሶው ያንጠለጥላሉ፤ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እግራቸው ሥር እንሰበሰባለን።

ያኔ የተረታቸው ሁሉ መድረሻ አንድ ነበር። ቀበሮም ትሁን ዝንጀሮ፣ የእንጀራ እናቷ ያባረረቻትም ልጅ ብትሆን፣ መጨረሻቸው ውሃ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ገብተው መኖር ነው። በዚያች ከተማ ውርጭ የለም። ሎሚ በየአጥሩ ይበቅላል፤ ከበላይዋ ያሉት ኮረብቶች ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ የገጠሩ ሰው ፍሬውን በቅርጫት ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዓሣ ይዞ ሽቅብ ይመለሳል። የጋዝጊብላን ደጋ ብርድ ለምናውቅ ይህ ከገነት አይተናነስም ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንድ ምሽት እዚያ ጅብ ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አለ እንጂ» አሉት እንዝርታቸውን እያሾሩ። «ግን ዓሣ ስለለመደ እንዳንተ ያለውን ከሲታ ዞሮም አያየው።»

ከተማዋን ያገኟት ከልጃቸው መልእክት ነው። ቃሉ ከአንድ ወታደር ወደ አንድ ሾፌር፣ ከሾፌሩ ወደ ሌላ ሰው እየተላለፈ ሰቆጣ ደረሰ፦ ካሣ ደህና ነው፣ ባሕር ዳር ነው፣ ሎሚ በየአጥሩ የሚበቅልባት ትንሽ ከተማ ናት። እማይ አልጋነሽ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛው ኋላ የመጣ ነው። ባሕር ዳር ሲባል የሚያውቁት አንድ ቦታ ነበር፣ ጣና ዳር ያለውን ከተማ። እኛስ ብንሆን ሌላ ምን እናውቅ ነበር? ወልድያ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ጋይንትን አቋርጦ መግባት ነው። በተረቱም ውስጥ መንገዱን አንድ በአንድ ይነግሩን ነበር፤ የት እንደሚታደር፣ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ። ከመኸር በኋላ ልጃቸውን ሊያመጡ ቆርጠው፣ የበሶ ስንቃቸውን በአቁማዳ አስረው፣ በጎቻቸውን ለእናቴ አደራ ሰጥተው ነበር።

በዚያ ሰሞን ይመር የሚባል ወጣት ጨርቅ ነጋዴ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ ካሣን ቀድሞ እንዲያፈላልግላቸው ለመኑት። የተመለሰ ዕለት እኛ እሳቱን ከበን ሳለን ገባ። የዋግንም የወሎንም ሰው ጠይቆ ካሣ የሚባል አላገኘም። ከዚያ መልእክቱን ቃል በቃል እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። እማይ አልጋነሽ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ስለነበር ሳያጎድሉ አሉለት፤ ለተረት አትመችም ብለው ይመስለኛል ለእኛ ነግረውን የማያውቁትን የመጨረሻዋን ቃልም ጨምረው፦ ውሃው ግን አይጠጣም፣ ጨው ነው።

ይመር ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እማይ፣ የጣናን ውሃ እኔ ጠጥቼ ነው የመጣሁ» አለ በመጨረሻ። «ልጅዎ ባሕር ዳር የሚባለውን ከተማ አላለም። ከባሕሩ ዳር ነኝ ነው ያለ። ከጨው ባሕር።»

«የትኛው ከተማ ታዲያ?»

«ስሙን መች ላከ።»

እንደሚያለቅሱ ጠበቅሁ፤ አላለቀሱም። ቆይተው ተነሡና አቁማዳውን ፈቱ፤ በሶውን በጣባ በጥብጠው ለእኛ ለልጆቹ አደሉን። ማር ገብቶበት ነበር፤ ለካሣ ብለው ነው። ከዚያ ተረት ጀመሩ፤ ቀበሮዋም እንደ ወትሮዋ ከተማዋ ገባች። መንገዱን ግን አልነገሩንም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ነግረውን አያውቁም፤ የተረቱ ሰው ከደጁ ይነሣና ወዲያው ደርሷል።

ተረት ልብ ይጠግናል የሚሉ መጻሕፍት በሄድሁበት አገር ሁሉ አንብቤያለሁ። የጻፏቸው ሰዎች፣ እንደሚመስለኝ፣ የሚጠብቁት ሰው ኖሯቸው አያውቅም። የእማይ አልጋነሽ ልብ አልተጠገነም፤ ካሣም አልመጣም። ተረቱ የጠቀመን እኛን ሽምብራ በላተኞቹን ነው።

ለትምህርት ከሰቆጣ የወጣሁ ጠዋት መኪናው ድረስ መጡ። ሌሎቹ ሴቶች መረቁኝ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

«ስትደርሺ የከተማውን ስም ላኪ» አሉኝ በጆሮዬ። «ማማሩን ተይው። ስሙን።»

እስኪሞቱ ድረስ ከየደረስሁበት ላክሁ፤ ከስሙ በላይ የምጽፈውም ብዙ አልነበረኝም። ዛሬ የምኖረው፣ ሳልፈልጋት፣ በአንዲት ትንሽ የባሕር ከተማ ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ልብስ አይደርቅም፤ ከበላያችን ባሉት መንደሮች ሻይ ይለቀማል። ከሰቆጣ የሚደውሉልኝ የዘመድ ልጆች አገሩ ያምር እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያምራል እላለሁ። ስሙን የጠየቀኝ እስካሁን የለም።