ቤቱን ሰጥቶ እዚያው መኖር

እናትና ልጅ በቤት ጉዳይ ሊለያዩ እኔ ጋ መጥተው፣ ሳይካሰሱ አንድ ላይ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ይኸውም ሙግት በሚወደድበት መንዝ ውስጥ ነው። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ብርዳሙ ጓሳ ላይ ሙዝ አፈራ ብላችሁ ይቀላችሁ ነበር።

ሞላሌ ውስጥ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሰው ክሱን፣ መልሱን፣ ውሉን የሚያጽፈው እኔ ዘንድ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ሽፋን የሌለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዝቼ ለብቻዬ አነበብኩ። ሽፋኑ ቢኖረው ኖሮ ዳኛ እሆን ነበር።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ቀጣሪዬ ጋሽ ወርቁ ከታይፑ ኋላ ቀና ብለው «መጻፍ ትችላለህ?» አሉኝ።

«ድንጋይ ይግባኝ አስብላለሁ» አልኳቸው።

«ድንጋዩ ይቆይ፤ ካርቦን አስገባ» አሉኝ። ካርቦኑን ገልብጬ አስገባሁት። ቅጂው በዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ዞሮ ወጣ። «መስታወት ላለው ዳኛ ይሆናል» ስላቸው ሳቁና አላባረሩኝም። ከዚያ ወዲያ የቸገራቸው እኔን ዝም ማሰኘት ብቻ ነበር።

ጋሽ ወርቁ አንድ ነገር አስተምረውኛል፦ ባለጉዳይ ጻፍ ያለህን ከመጻፍህ በፊት፣ ከተጻፈ በኋላ የት እንደሚያድር ጠይቀው።

አሁን የጋሽ ወርቁ የጽሕፈት ዛኒጋባ የእኔ ናት። ታይፑ ጡረታ ወጥቷል፤ ላፕቶፕ አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ እስክሪብቶ አለኝ። በአንድ የገበያ ቀን እማማ በለጡ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ዱካው ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ቤቴን ለደምሴ ያስረከብኩበት ወረቀት ጻፍልኝ» አሉ። ደምሴ አንድ ልጃቸው ነው፤ ደብረ ብርሃን በሰው ጎማ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል።

«ሊሸጠው ነው?»

«አዎ። እዚያ የራሱን ጎማ ቤት ሊከፍት። እኔንም ይወስደኛል።»

«መሄድ ይፈልጋሉ?»

ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ልጅ ሲዳር ወላጅ ዳስ ውስጥ ቆሞ ስጦታውን ይናገራል፤ በሬ ያለው በሬ፣ በግ ያለው በግ። እማማ በለጡ በደምሴ ሠርግ ተነሥተው «ቤቴን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ ይመስላቸዋል።

«ካርታው በማን ስም ነው?» አልኩ።

«በሁለታችን። ግድግዳውን እኔ በጎቼን ሸጬ አቆምኩ፤ ቆርቆሮውን እሱ አለበሰ።»

«እንግዲያው የጋራ ነው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ሙሉ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ዳስ ውስጥ በቃል የተሰጠ ቤት ደግሞ ካልተጻፈ፣ በምስክር ካልተፈረመ፣ ካልተመዘገበ ሕግ አያጸናውም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ እንደ ፊቱ የእርስዎም ነው።»

እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ ስናገር ሰው ያጨበጭብልኛል ብዬ ነበር። እማማ በለጡ ግን ተቆጡ።

«ሕግ አያጸናው ይሆናል። እኔ ግን ተናግሬያለሁ። የበላ የጠጣው ሁሉ ሰምቶኛል። በስተርጅና ቃሌን ላጥፍ?»

ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

በዚህ መሐል ደምሴ ቤቱን ሊገዛ የተስማማውን ሰው አስከትሎ መጣ። «ጋሼ፣ አልጨረስክም?»

«ደብረ ብርሃን የምታኖራቸው በማን ቤት ነው?» አልኩት።

«በኪራይ።»

«አከራዩ ልቀቁ ያለ ዕለትስ?»

«ሜዳ ላይ ልጥላት ነው እንዴ? እናቴ እኮ ናት።» ፊቱ ቀላ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሰው ጎማ መንፋት ሰልችቶታል።

ገዢው «አንተ ሰውዬ፣ ጻፍ ነው የተባልከው፤ አስተዳድር አልተባልክም» አለኝ።

ያን ጊዜ ሽፋን የለሿ የሕግ መጽሐፌ ትዝ አለችኝ። «እጽፋለሁ» አልኩ። «እማማ፣ ቃልዎን አያጥፉም፤ ድርሻዎን ይስጡት። ነገር ግን ሰጪ በሕይወት እስካለ የመኖር መብቱን ለራሱ ማስቀረት ይችላል። ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዳይሸጥ፣ ለዕዳ ዋስትና እንዳይያዝም ይጻፋል።»

«ሰጥቼም እኖርበታለሁ?»

«ሰጥተውም ይኖሩበታል።»

ገዢው «ባለቤቷ ያለችበትን ቤት ምን ላደርገው ነው?» ብሎ ወደ ገበያው ሄደ።

ደምሴ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ እንጀራዬን ዘጋህብኝ።»

እማማ በለጡ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ደምስ፣ ያን ቀን ስሰጥህ አብረኸኝ የምትኖርበት መስሎኝ ነው። የፊቱን ክፍል ወደ መንገዱ በር አውጥተህ ለምን ጎማ ቤት አታደርገውም? ከመሐል ሜዳ የሚወርደው መኪና ሁሉ በደጃችን አይደል የሚያልፈው?»

ደምሴ እጁን ከራሱ አወረደና «ኮምፕሬሰሩ ይጮህብሻል» አለ።

«ይጩህ። ዝምታውም ሰልችቶኛል።»

የበሩ ሐሳብ የእኔ ነው ብዬ ሌላ ቦታ አውርቻለሁ። የእሳቸው ነው።

በማግስቱ ምስክሮች ይዘን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ምስክሮቹን እሳቸው መረጡ፤ ዳሱ ውስጥ የነበሩትን ሽማግሌዎች። ውሉ ተነበበ፤ እናት አሻራቸውን አደረጉ፤ ልጅ ፈረመ፤ ተመዘገበ። የደምሴ የደብረ ብርሃን አሠሪም አሮጌ ኮምፕሬሰር መረቀለት።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ለልጅ ቤት መስጠትና ለራስ መኖሪያ ማስቀረት በአንድ ውል ላይ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ከመፈረም በፊት ነው።

ካላመናችሁኝ ሞላሌ ሂዱና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ደምሴን ጠይቁት፤ ኮምፕሬሰሩን እስኪያጠፋ ግን ጠብቁ። እማማ በለጡንም ጠይቋቸው። ከጓሮ በኩል አንኳኩ፤ ቤታቸው ናቸው።