ብሬከሩ የሚወርድበት ሰዓት

ልጅ ሳለሁ፣ አምቦ ግቢያችን ውስጥ፣ ተረት የምንሰማው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። መብራታችን ደግሞ በየምሽቱ ይጠፋል። የጎረቤቱ ሁሉ ቦግ ብሎ እየበራ የእኛ ቤት ብቻ ድርግም ይላል። ያኔ ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ እየተገፋፋን ወደ በረንዳው እንወጣለን። እዚያ አካኮ፣ የአባቴ አባት፣ ከማታ ጸሎታቸው ወጥተው፣ ከሰሉን አያይዘው፣ ኩራዙን ለኩሰው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይጠብቁናል። ወንጪ ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው አባዬ ወደ ከተማ ያመጣቸው። በአማርኛ ጀምረው ነገሩ ሲጥማቸው ሳያውቁት ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፤ ጅብ ሲሆኑ ደግሞ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ እንኳ ንቅንቅ አልልም ነበር።

ኤሌክትሪክ ሲበዛበት ራሱ የሚወርደውን ብሬከር ከአባዬ በቀር ማንም እንዲነካ አይፈቀድም። ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራም ከወዳጆቹም ተሰናብቶ ይመጣና ቀና ያደርገዋል። «መብራት መጣ!» ብለን እንፈተለካለን፤ አካኮ ያንን ሁሉ ተረት መሐል ላይ ጥለንባቸው ስንሄድ ከሰሉን ይቆሰቁሳሉ።

ጥፋቱ የተለጠፈው በተከራያችን በጫልቱ ላይ ነበር። ከባኮ ሕፃን ልጇን አዝላ የመጣች ወጣት ናት፤ ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ስቶቭ ፓስቲ ጠብሳ መናኸሪያ ትሸጣለች። መብራቱ የሚጠፋው እሷ ስትጠብስ ነዋ! አንድ ማታ አባዬ ትዕግሥቱ አለቀና «ይቺ ልጅ በስቶቯ ቤቱን ልታቃጥልብኝ ነው» አለ። «በወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ።» እሷም «እሺ ጋሼ» ብቻ ብላ ገባች። ሕፃን ለያዘች፣ ያውም ስቶቭ ለምትጠቀም ሴት፣ ማን ቤት ያከራያል? ሌሊቱን ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የፊዚክስ አስተማሪያችን በዚያ ሰሞን፣ ቮልቱን በአምፒሩ ብታባዙት ዋቱን፣ ለአምፒሩ ብታካፍሉት ደግሞ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው ጅረቱን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ታገኛላችሁ ብለውን ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። የጫልቱን ስቶቭ ገልብጬ ጽሑፉን አነበብኩ፦ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አምስት አምፒር። ሳባዛው አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት፤ ሳካፍለው አርባ አራት ኦም። ቴሌቪዥኑና አምፖሎቹ ተደምረው አንድ አምፒር እንኳ አይሞሉም። ብሬከሩ የሚችለው ግን አሥር ነው። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ጫልቱ ልትጥለው አትችልም። ለአባዬ ነገርኩት።

«አሁን ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽልኝ?» አለ አባዬ።

«ሞክረው፤ ምን ይጎዳሃል?» አለች እማዬ።

እሑድ ምሽት ያለን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ተለኮሰ። ጫልቱ ስቶቯ ላይ ዘይት ጣደች፤ አባዬ እጁን አጣጥፎ ብሬከሩ ሥር ቆመ። ብሬከሩ ወይ ፍንክች! አባዬ አንዴ እኔን አንዴ ብሬከሩን ያያል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አካኮ ይህን ሁሉ ግርግር ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «እስቲ ጸሎቴን ላድርስ» ብለው እንደ ልማዳቸው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ጠቅ! ግቢው ጨለመ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች ጫልቱ።

አባዬ በአካኮ በር ሥር ቅላት አየና የስልኩን መብራት ይዞ ሮጠ፤ ተከተልነው። በክፍላቸው፣ አልጋው ሥር፣ በጨለማው ውስጥ ጠምዛዛ ሽቦ ፍም መስሎ ቀልቶ ነበር። አሮጌ የሸክላ ስቶቭ ነው። ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር እየተቋጠረ አጥሯል፤ ሲያጥር ሬዚስታንሱ ያንሳል፣ የሚስበው ጅረት ይበዛል። ክው ብዬ ቀረሁ። አካኮ ሶኬቱን ነቅለው በእጃቸው እንደያዙ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ! ምን ነካዎት? ልንቃጠል እኮ ነው!» አለ አባዬ።

«መብራት ካለ ማን ይመጣልኛል?» አሉ፣ ሶኬቱን እያዩ።

አባዬ የስልኩን መብራት ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ንዴቴ ቀደመኝና «በእርስዎ እኮ ነው ጫልቱ ልትባረር የነበረው!» አልኩ።

አካኮ ይህን አልሰሙም ነበር። «ማን? ይቺ ባለ ሕፃኗ?» አሉና ፊታቸው አመድ መሰለ። «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩና ከዘራቸውን ሳይዙ ተነሥተው እየተንገዳገዱ ሄደው የዚያችን ልጅ ጉልበት ሊስሙ ጎነበሱ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ! ጫልቱ «ኧረ በማርያም፣ አካኮ!» እያለች ደግፋ አቀናቻቸው። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። አባዬም ያንን ስቶቭ አውጥቶ ሰባበረው፤ ጫልቱንም ይቅርታ ጠየቃት፤ ቤት መልቀቁ በዚያው ቀረ።

የባሰው ድንጋጤ ግን የመጣብኝ በማግስቱ ነው። መብራቱ አልጠፋም። አካኮ በረንዳው ላይ ከሰላቸውን አያይዘው ተቀመጡ፤ እኛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረናል። ማናችንም አልወጣንም። ተረታቸውን የምወድ ይመስለኝ ነበር፤ በየምሽቱ የምሮጠው ለእሱ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያወጣን ጨለማው ነው! እኔ የስቶቩን ልክ በፊዚክስ ደርሼበት ኮርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የእኛን ልክ ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር።

ከውጭ የጫልቱ ድምፅ ተሰማኝ። «አካኮ፣ እኔ እኮ መብራት ሲጠፋ ልጄን ይዤ ስለምገባ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም። ለእኔም ይንገሩኝ» ትላለች። ከዚያ ዝግ ያለው ድምፃቸው ጀመረ።

ቴሌቪዥኑን እንደበራ ትቼው ወጣሁ፤ ጫልቱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አካኮ ንግግራቸውን አቋረጡ። መጀመሪያ ቀና ብለው በረንዳው ላይ ያለውን አምፖል አዩ፤ በርቷል። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ካረፉ ቆይተዋል፤ ከነገሩን ተረት ብዙው ጠፍቶብኛል። ያ አምፖሉን ቀና ብለው ያዩበት አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።