ከባቡር ጠጋኙ የተማርኩት

በአዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ስለ እንፋሎት የማውቀው ከአንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ነበር። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ቀን ተማሪዎቼ፣ «እንፋሎት ያን ሁሉ የባቡር ብረት እንዴት ይገፋል?» ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉን ደግሜ አነበብኩላቸው፤ አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ባቡር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«አስተማሪም ይማራል እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጅጌዬን አስጠቅልለው፣ ለጥገና በተፈታ የባቡር ሞተር ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ወዲያና ወዲህ አስገፉኝ። «ይኸው፣ አሁን እንፋሎቱ እርስዎ ነዎት» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ እሳቸው ዘንድ ተመላለስኩ። ትምህርት ሲከፈት ክፍሌ ድረስ ጋበዝኳቸው። እንፋሎት የማንቆርቆሪያ ክዳን ሲያነሳ እያሳየሁ በአማርኛ አስረዳሁ፣ በኦሮምኛም ደገምኩት። ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጠው ከተማሪዎቹ የባሰ ከባድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሳልንተባተብ መለስኩ። ያን ዕለት አስተማሪ መሆኔ ተሰማኝ።

ወሬው ሞጆ ደርሶ፣ በሚቀጥለው ክረምት ሁለት አስተማሪዎች ሊማሩ በባቡር መጡ። እኔው ራሴ ወደ ሽማግሌው መጠገኛ ወሰድኳቸው።