አዲሱ ቅል

አሶሳ፣ ሳሎናችን ውስጥ ለባሕር ዓሣ የሚሆን የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየም አዘጋጀሁ። ጨዉን በጥብጬ፣ ኮራሉን አስቀምጬ ስጨርስ ዓሣው በፌስታል መጣ።

«በቃ ድፋው» አለችኝ ባለቤቴ።

እጄ ቆመ።

ልጅ ሆኜ ድባጤ ስንኖር፣ አንዲት የጉሙዝ ጎረቤታችን ከወንዝ የያዘችውን ዓሣ በቅል ውሃ ከነሕይወቱ አመጣችልን። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ሴትየዋ ከበር እንደራቀች ግን እናቴ ወደ እህቴ ዞራ፣ «በእነሱ ዕቃ አይበላም፤ ድፊው» አለች።

ዓሣው አቧራው ላይ ሲፈራገጥ ጎረቤታችን የረሳችውን ዱላ ልትወስድ ተመለሰች። አየችው።

«ቅል እኮ አዲስ ነበረ» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ስለ ቅሉ ብቻ ያወራች መስሎኝ ነበር። ለካ እንደምንጸየፋት አውቃ፣ ማንም ያልጠጣበትን ቅል መርጣልን ነው።

ባለቤቴ አሁንም «ድፋው እንጂ» ትላለች። ፌስታሉን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ዓሣውን ማየት አፈርኩ።